አባ ይመር ቆመው የጠበቁት ፍርድ

ነገሩ የጀመረው አምና መስከረም ላይ ነው፤ ያለቀው ሰኔ። እስከ ዛሬ ግን ቢሮዬ ጥግ ያለችውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ባየሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ለሰው ዘርዝሬ አውርቼው አላውቅም። ጥፋቱ የኔ ነዋ! የራሱን ጥፋት በደስታ የሚያወራ ማን አለ?

ወይንሸት እባላለሁ። ደሴ ፒያሳ፣ አንድ ሕንፃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት አስራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እጄ ፈጣን ነው፤ አፌ ደግሞ ከእጄ ይብሳል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና "አንቺ ልጅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምትመልሺው" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ረጅም ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ነጭ ጥምጣም፣ ሽርጥ፣ ከላይ አሮጌ ኮት።

"አሰላሙ አለይኩም። ወረቀት ወደ ፈረንጅኛ የምትመልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ አባቴ፤ ይቀመጡ" ብዬ ሰማያዊዋን ወንበር ሳብኩላቸው።

"ልጄ፣ ልቁም።"

ሁለተኛም ሦስተኛም ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል ብዬ ተውኳቸው።

ከሐርቡ የመጡ ናቸው፤ ስማቸው ይመር። ስማቸውን ሲነግሩኝ ብድግ አልኩ። አባ ይመርን በዚያ በቆላው በኩል የማያውቃቸው የለም። አባጋር ናቸው። በእኛ አገር ደም የተቃባ ቤተሰብ ሲኖር መሐል ገብቶ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አባጋር ይባላል። እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን ያከብራል። የስንት ሰው ደም አድርቀዋል።

"ልጄ ሰይድ አሜሪካ ነው ያለ" አሉኝ። "ሰው ገደለ።"

ብዕሬን አስቀምጬ ቀና ብዬ አየኋቸው።

ሰይድ ድሮ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ዲቪ ደርሶት ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። እዚያ በመኪና ዕቃ ለየቤቱ ያደርሳል። ነሐሴ ላይ አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት መንገድ ሲሻገር ገጨው፤ ልጁ እዚያው ሞተ። ሰይድ "መብራቱ ለኔ አረንጓዴ ነበር" ይላል። ዐቃቤ ሕጉ "ስልኩን እያየ ቀይ መብራት ጥሶ ነው" ይላል። ሰይድ ከተሸነፈ ብዙ ዓመት ይታሰራል። ለጊዜው ዳኛው በዋስትና ለቆት ቤቱ ሆኖ ቀጠሮውን ይጠብቃል።

መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ሴት ናት። ስለ ጠባዩ ከቤተሰብ ደብዳቤ ይምጣ ብላ ሁለት ገጽ ወረቀት በኢሜይል ልካ ነበር። ሰይድ ወደ አባቱ ስልክ አስተላልፎታል። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ገባኝ አልኩ። ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም። እንዲህ ነኝ እንግዲህ።

አባ ይመር ደብዳቤውን ከመጀመራቸው በፊት ጥያቄ አበዙብኝ።

"ለዳኝነት ከነሱ ወገን ማን ይቀመጣል? ከኛስ?"

"ከማንም ወገን አይደለም" አልኩ፣ ከፊልምም ከመጽሐፍም የቃረምኩትን እየደባለቅሁ። "አስራ ሁለት ሰዎች ከከተማው ነዋሪ በዕጣ ይጠራሉ። ጁሪ ይባላሉ። አንዱ ነጋዴ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ሾፌር ሊሆን ይችላል። ሰይድንም ሟችንም የማያውቁ መሆን አለባቸው። ምስክር ሰምተው አጥፍቷል ወይም አላጠፋም የሚሉት እነሱ ናቸው። ዳኛው ችሎቱን ይመራል፣ ሕጉን ያስረዳቸዋል፤ ጥፋተኛ ካሉት ቅጣቱን ይወስናል።"

"ማንንም የማያውቁ?" ዓይናቸው ፈጠጠ። "እኛ ዘንድ እኮ የማያውቅ ሰው ለዳኝነት አይቀመጥም። የሰውየውን አባት አያቱን፣ ጠባዩን የሚያውቅ ነው የሚመረጠው። አጀብ ነው!"

ክሱን አነበብኩላቸው። ከላዩ ላይ "የግዛቱ ሕዝብ በሰይድ ይመር ላይ" ይላል።

"ሕዝቡ ሁሉ ነው የከሰሰው?" አሉ፤ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙት። "የሟች እናትስ? ደሙ የሷ አይደለም ወይ?"

"እናትየው ከሳሽ አይደለችም አባ ይመር። እዚያ አገር በወንጀል የሚከሰው መንግሥት ነው። እሷ ብትፈልግ ምስክር ትሆናለች እንጂ ክሱ በእጇ አይደለም።"

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "እንግዲያ እሷን ማን ይለምናት?"

ይቺ ጥያቄ አንጀቴን በላችው።

"ጻፊ" አሉኝ። "ለዳኛው አይደለም፤ ለእናትየው።"

የጠባይ ደብዳቤ መሆኑን፣ ጠበቃዋ ምን እንዳለች፣ ሁሉን ረሳሁት። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ።

"እኔ ይመር ነኝ፤ የሰይድ አባት። ልጄ ልጅዎን ገድሏል። ሆን ብሎ አይደለም እያልኩ አልከራከርዎትም። ደሙ እጃችን ላይ ነው። በአገራችን እንዲህ ሲሆን ከሟች ቤት ደጃፍ ቆመን እንለምናለን፤ ባለቤቶቹ ተቀመጡ ሳይሉን አንቀመጥም። አገርዎ ሩቅ ነው፤ ጉልበቴም ደክሟል። ይህ ወረቀት በኔ ፋንታ ደጅዎ ላይ ቆሟል። ልጅዎን አልመልስልዎትም። ይህን አውቃለሁ። አፉ በሉን፣ ይቅር በሉን። ተቀመጥ እስኪሉኝ እኔም እዚህ ቆሜያለሁ።"

ያን ጊዜ ነው ወንበሩ የገባኝ። ወገባቸውን አሟቸው አይደለም። ወሬው ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። መሬት ላይ ለሶላት ይቀመጣሉ፤ ሲደክማቸው ጋደም ይላሉ። ከሐርቡም በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቆመው ነው የሚመጡት። ወንበር ግን እርም ብለዋል።

እያለቀስኩ ተረጎምኩት። ዘንድሮም አምናም ከሠራሁት ትርጉም እሱን የሚያህል የለም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ኮርቼበት ነበር። አባ ይመር ፖስታ ውስጥ አስገብተው አሳሸጉኝ። ሐዋ የምትባል የሐርቡ ልጅ እናቷን ጥየቃ መጥታ ነበር። የምትኖረው ሰይድ ባለበት ከተማ ነው። የሟችን ቤት በዜና አይታ ታውቀዋለች። በማግስቱ ረፋድ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ትበራለች። በእሳቸው ስም ሽማግሌ ሆና፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ደጁ ላይ ቆማ ፖስታውን እንድትሰጥ ተስማምታለች። ማታ ቤቴ ከመግባቴ በፊት እኔ ደግሞ አንዱን ቅጂ ለጠበቃዋ ላክሁላት። እንድታደንቀኝ ነው መሰለኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገብቼ ኢሜይል ስከፍት መልሷ መጥቷል። አራት መስመር ናት። ዛሬም በቃሌ ነው የማውቃት።

"ይህ ደብዳቤ ከኔ ሌላ ማን ዘንድ አለ? በሁለተኛው ገጽ እንደጻፍኩት ስለ አደጋው አንድ ቃል መጻፍ የለበትም። ሰይድ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው በኩል ወደ ሟች ቤተሰብ እንዳይደርስ ዳኛው አዟል። ትእዛዙ ከተጣሰ ያን ቀን ይታሰራል፤ 'ልጄ ገድሏል' የሚለውንም ዐቃቤ ሕጉ ጁሪው ፊት ለማንበብ ይሞክራል።"

በማርያም! ሁለተኛውን ገጽ ያን ጊዜ ከፈትኩት። ከላይ በደማቁ ተጽፏል። የጻፍኩት ደብዳቤ ሰይድን ሊያሳስረው አየር ላይ ሊወጣ ነው፤ አሽጌ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐዋ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሲሟን ለእህቷ ትታላት ሄዳለች። አባ ይመር ጋ ደወልኩ።

"አሁን ገባች" አሉኝ። "ልሸኛት መጥቼ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ።"

"ይመልሷት! አባ ይመር፣ ፖስታውን ይቀበሏት!"

"ኸረ ልጄ! ለሽምግልና የወጣ ሰው እንዴት ከመንገድ ይጠራል? ነውር ነው።"

ለማስረዳት ስሞክር ኔትወርኩ ጠፋ። ቢሮውን ቆልፌው ይሁን ሳልቆልፈው አላውቅም፤ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ይቀረዋል። "የሁለት ሰው እኔ እከፍላለሁ፣ ሂድ!" ብዬ ጮህኩበት። ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየኝና "እሺ እቴ፣ ጩኸቱን ቀንሽልን" ብሎ ተነሳ።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱን ግማሽ ዘግቶታል። ከላይ ሆኜ ኮምቦልቻ ወለል ብላ ትታየኛለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ በዚያ ጠፍ ሜዳ ይታያል። እኔ ግን ከተሳቢ ኋላ ቆሜያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ "እህቴ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ። "ገና ነው" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

ኮምቦልቻ ወርጄ ባጃጅ ይዤ በሩ ላይ ስደርስ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። አባ ይመር ከአጥሩ ሥር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አጠገባቸው አግዳሚ ወንበር አለ፤ ባዶ ነው።

በመጀመሪያ ወደ ፈታሹ ሮጥኩ። "አንዲት ተሳፋሪ አሁኑኑ ጥራልኝ!" አልኩት። ትኬት ጠየቀኝ። የለኝም። "ያለ ትኬት አይገባም" አለ። ጮህኩ። ሰው ይታሰራል አልኩት፤ ነፍስ ነው አልኩት፤ በመጨረሻም "ልብ የለህም" ብዬ ሰደብኩት። ሰውዬው ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ነው፤ "ሴትዮ፣ እዚያ ሄደሽ ተረጋጊና ተመለሺ" አለኝ።

ተመልሼ አባ ይመር ጋ ሄድኩ። እየተንተባተብኩ ሁሉን ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ገጽ አለማንበቤንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ይልቅ ፊታቸው ጠቆረ።

"አጥፍቷል፤ ከታሰረ ይታሰራ" አሉ። "በድያለሁ ማለት ወንጀል የሆነበት አገር አለ እንዴ? ሰው በድያለሁ ሳይል በምን አፉ ይታረቃል?"

ምን ልበላቸው? ሕግ ብላቸው ሕግ አይበልጥባቸውም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"አባ ይመር፣ አውጫጭኙ ሳያልቅ ሽማግሌ ይላካል?"

አውጫጭኝ በእኛ አገር ገዳዩ ወይም ሌባው ሳይለይ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን የሚያወጣበት ሸንጎ ነው። ሐቁ እስኪወጣ ድረስ ማንም ከዚያ አይቀርም።

አባ ይመር ዞር ብለው አዩኝ። "አይላክም" አሉ።

"ለምን?"

"ሐቁ ሳይለይ ሽማግሌ ከሄደ ምስክሩ ይፈራል። ወይ ለይሉኝታ ብሎ ይዋሻል።"

"እነሱም ገና አውጫጭኝ ላይ ናቸው። አስራ ሁለቱ ሰዎች አልተቀመጡም። መብራቱ ለማን እንደነበር ገና አልተለየም። አሁን ሐዋ እዚያች እናት ደጅ ብትቆም ሐዘኗ ላይ ጭንቀት ነው የምንጨምርባት። ዳኛው ማንም እንዳይደርስባት ያለው ለሷ ብሎ ነው። ይቅርታው ወንጀል ሆኖ አይደለም፤ ተራው ስላልደረሰ ነው።"

"እንዲያ በይኛ!" አሉ። "ወላሂ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ብትይኝ መች እልካት ነበር።"

ወዲያው ከዘራቸውን አንስተው ወደ ፈታሹ ሄዱ። እኔ እንደጮህኩት አልጮሁም። "አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ተሳስቼ ከሰዓቱ በፊት ሽማግሌ ልኬያለሁ። መመለስ አለብኝ። አንተ መግባት ትችላለህ፤ እኔ ግን አልችልም። ሐዋ ትባላለች፤ ነጭ ፖስታ ይዛለች። ይመር መልሺው ብሏል በላት።"

ሰውዬው ትንሽ አያቸው። ከየት እንደመጡም አልጠየቀ፤ የሚያውቃቸውም አይመስለኝም። ቦታውን ለጓደኛው ሰጥቶ ገባ። የጠበቅነው ምናልባት አስር ደቂቃ ነው፤ ለኔ ግን አንድ ሙሉ ቀን ነበር። አባ ይመር ከንፈራቸው ዱአ ያደርጋል። እኔ ጥፍሬን በላሁት።

ሰውዬው ፖስታውን ይዞ ወጣ። "ልትሳፈር ተሰልፋ ነው ያገኘኋት" አለ። ለአባ ይመር በሁለት እጁ ሰጣቸው። እኔን ደግሞ እያየ "አሁንስ ልብ አለኝ?" ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ። በየመንገዱ የማየው ፈታሽ ሁሉ እሱ ይመስለኛል፤ አንድ ቀን አገኘውና ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ፖስታው ሳይቀደድ አባ ይመር ኮት ውስጥ ገባ። "ሰዓቱ ሲደርስ" አሉ።

በዚያው ሳምንት፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጠበቃዋ ስልክ ደወለች። እዚያ ጠዋት ነው። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ፖስታው መመለሱን ነገርኳት። ከዚያ ለአባ ይመር እንድነግራቸው ሁሉን ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ጁሪው መጀመሪያ አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም የሚለውን ይለያል፤ አስራ ሁለቱም በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው። ጥፋተኛ ካሉት ቅጣት ለመወሰን ሌላ ቀን ይቀጠራል። በዚያ ቀን የሟች ቤተሰብ ዳኛው ፊት ቆሞ የልቡን መናገር ይችላል፤ የተከሳሽም ወገን እንዲሁ። "ደብዳቤው የሚነበበው ያን ቀን ነው፤ እናትየው ልስማ ካለች ብቻ" አለች።

አባ ይመር በማግስቱ መጥተው ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አየሽ፣ እነሱም ሥርዓት አላቸው" አሉኝ፤ እኔ የላቸውም ያልኩ ይመስል።

ያን ቀን የጠባይ ደብዳቤውን ጻፍን። አባ ይመር የራሳቸውን ልጅ ማመስገን ሞት ሆነባቸው። "እንዴት የገዛ ልጄን ደግ ነው እላለሁ? ሰው ምን ይለኛል?" ጎትጉቼ ጎትጉቼ አንዲት ነገር አወጡ። ሰይድ ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ባልደረባው እጁን ማሽን ቆረጠው። ልጁ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ነበር። ሰይድ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል አብሮት ከረመ፤ ያጎርሰው ነበር። "ይህን ብቻ ጻፊ" አሉ። "ደግ ነው ብለሽ ግን እንዳትጨምሪ።" አልጨመርኩም። በዚያ ቀንም አልተቀመጡም።

ችሎቱ ሚያዝያ ላይ ሆነ። አባ ይመር በዚያ ሳምንት ሁለቴ ከሐርቡ ድረስ መጡ። "ለአስራ ሁለቱ ዱአ አድርጌላቸዋለሁ፤ ስማቸውን ስለማላውቅ አስራ ሁለት ብዬ ነው" አሉኝ። ሳቄ መጣብኝ፤ ወዲያው እንባዬ መጣ።

ጁሪው ለሁለት ቀን መከረ። ስልክ እያየ ነበር የሚለው አልተረጋገጠም። መብራቱ ግን ለሟች ነበር፤ ሰይድ ቢጫው ላይ ቸኩሎ ሲገባ ቀይ ሆኖበታል። ከከባዱ ክስ ነጻ፣ ከሱ በሚያንሰው ክስ ጥፋተኛ ተባለ። ለአባ ይመር ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሐቁ ወጣ?" "ወጣ" አልኳቸው። ሰይድ ይግባኝ ማለት ይችል ነበር። የበላይ ፍርድ ቤት ምስክር እንደገና አይሰማም፤ ዳኛው የሕግ ስሕተት ሠርቶ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያየው። ጠበቃዋ ምርጫው ያንተ ነው አለችው። ሰይድ ይብቃኝ አለ። አባቱም ጥሩ አደረገ አሉ።

የቅጣቱ ቀን ሰኔ ላይ ነበር። ያ ፍርድ ቤት ችሎቱን በኢንተርኔት ያስተላልፋል፤ ጠበቃዋ ሊንኩን ላከችልኝ። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ዝናብ ይጥላል። በሩን ገርበብ አድርጌ ኮምፒውተሩን ወደ አባ ይመር አዞርኩት። እሳቸው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሰማያዊዋ ወንበር ከኋላቸው ናት።

ሰይድ ታየ፤ ከስቷል። አባቱ "ልጄ" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ጠበቃዋ ተነስታ ለእናትየው የተጻፈውን ደብዳቤ ከላክሁላት ቅጂ አነበበች። የኔን ትርጉም! እናትየው አስቀድማ ልስማ ብላ ነበር። ካሜራው የሚያሳየን ጀርባዋን ነው፤ ሽበት ጣል ጣል ያለባት፣ ቀጭን ሴት። ጠበቃዋ "ተቀመጥ እስኪሉኝ እኔም እዚህ ቆሜያለሁ" የሚለው ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ አነበበችው።

ከዚያ የእናትየው ተራ ሆነ። ስለ ልጇ ተናገረች። ምን መብላት እንደሚወድ፣ ጫማውን ሁልጊዜ በር ላይ ጥሎ እንደሚያደናቅፋት ተናገረች። "ጫማው አሁንም እዚያው ነው፤ አላነሳሁትም" አለች። ለሰይድ "ልቤ ይቅር ብሎሃል ብዬ አልዋሽህም፤ ገና ነኝ" አለችው። እኔ እያንዳንዱን ቃል ለአባ ይመር እመልሳለሁ። "ሐቋ ነው" ይላሉ። "ሐቋ ነው።"

ልትሄድ ወረቀቷን አጠፈች። ከዚያ ቆም ብላ ወደ ጠበቃዋ ዞረች።

"የዚህ ልጅ አባት" አለች፤ "እውነት እስካሁን ቆመው ነው?"

ጠበቃዋ ወደ ሰይድ አየች። ሰይድ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እናትየው "ንገሯቸው" አለች። "ተቀመጡ በሏቸው። በቃ፤ ደክሟቸዋል።"

እኔ መተርጎም አቃተኝ። አባ ይመር "ምን አለች? ልጄ፣ ምን አለች?" እያሉ ይጠይቁኛል። በመጨረሻ ወንበሩን ከኋላቸው ሳብኩና በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።

"ተቀመጡ ብላለች" አልኳቸው።

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ቀስ ብለው ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱና ተቀመጡ። ከነሐሴ እስከ ሰኔ ወንበር ላይ ያልታጠፈ ጉልበት ሲታጠፍ ሰማሁት። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዳኛው ያን ቀን ስምንት ወር ፈረደበት። ደብዳቤውን እንደሰማ፣ የእናትየውን ቃልም እንደሰማ፣ ሕጉ ግን ሕግ እንደሆነ ተናገረ። አባ ይመር ተቀምጠው ሰሙት። "ይገባዋል" አሉ።

ሰይድ ጊዜውን ጨርሶ ከወጣ ሁለት ወር ሆነው። አባ ይመር ደሴ ሲመጡ ዛሬም ጎራ ይላሉ፤ አሁን ሳልጋብዛቸው ይቀመጣሉ። "ሁለተኛውን ገጽ አነበብሽ ወይ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። አነባለሁ። የማንም ወረቀት ቢሆን እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ ብዕር አላነሳም።

አንዳንዴ ያቺ እናት ጫማውን አንስታው ይሆን ብዬ አስባለሁ። ስሟን ጠርቼ እጸልይላታለሁ፤ የማላውቀው አገር የማላውቃት ሴት ናት። ሰው ቢሮዬ መጥቶ ለመቆም ሲፈልግ ግን አሁን ዝም ብዬ አልተወውም። ምን ሆነህ ነው የቆምከው ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ ወንበሩን እስብለታለሁ።